ውልና ጨረታ በሦስት ቋንቋ፦ ቃሉን እንተርጉም ወይስ ግዴታውን?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ነገር ግን በጽሑፍ ያለውም ቢሆን አንባቢው ካልተረዳው ከተረሳው አይሻልም። እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ለምን ቢሉ፣ የተረሳ ቃል ማንንም አያስከፍልም፤ የተፈረመ ወረቀት ግን ያስከፍላል።

ውድ አንባቢያን! ስለ ውልና ስለ ጨረታ ቃላት መጻፋችን «ይህ የጠበቃ ሥራ አይደለም ወይ? ዕጩ መምህር ምን አገባው?» ሊያሰኝ ይችላል። አገባው እንጂ! ነገ ተመርቀን የምንመደብበት የገጠር ትምህርት ቤት አካባቢ ወረቀት የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መምህሩን ነው። «እስቲ ልጄ፣ ይህ ምን ይላል?» ይለናል። ወረቀቱ የመሬት ኪራይ ውል ሊሆን ይችላል፤ የብድር ውል ሊሆን ይችላል፤ ወይም የወረዳው መሥሪያ ቤት ለትምህርት ቤት ግንባታ ያወጣው የጨረታ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። የደባይ ጥላትግን ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቁይም ሆነ በሌላ የወረዳ ከተማ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማንበብ የቻለ ሰው ሁሉ «ሲ.ፒ.ኦ.»፣ «ሎት»፣ «የጨረታ ማስከበሪያ» የሚሉትን ቃላት ያያል። ያያል እንጂ ሁሉም ይረዳቸዋል ማለት አይደለም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ብዙው የልማት ሥራ የሚሠራው ከውጭ አገር ድርጅቶች ጋር ነው። ለምሳሌ ያህል ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲገነቡ የግንባታውን ፕሮግራም ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ይመራ የነበረው የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂ.ቲ.ዜድ. ነው። ይህ ድርጅት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ጂ.አይ.ዜድ. ተብሎ ይጠራል። ጀርመናዊው በጀርመንኛ ያስባል፤ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል፤ እኛ ደግሞ በአማርኛ እንረዳዋለን። ስለዚህ አንድ የውል ቃል እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ወንዝ ይሻገራል። በየወንዙ ምን ይዞ እንደሚሻገርና ምን እንደሚጥል ማየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የውል ቃል የሚተረጎመው በመልኩ ሳይሆን በሚያስከትለው ግዴታ ነው። ማን ለማን ምን እንደሚከፍል ያልተናገረ ትርጉም ቃሉ ቢያምርም ትርጉም አይባልም።

ከታሪካችን የምናገኘው ትምህርት

ይህን ትምህርት አገራችን በውድ ዋጋ ገዝታዋለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ጽሑፍ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም «ይቻላታል» የሚል መንፈስ ነበረው። የጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ መንገድ ለመጠቀም ተስማምተዋል የሚል ነበር። ኢጣልያም ይህንኑ ይዛ «ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት» ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ያስደንቃል፤ የዚያው ውል አንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች የሚስማሙና እኩል የሚታመኑ ናቸው ይላል። አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሰረዙት። የመጨረሻው መልስ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተሰጠ።

እንግዲህ «መቻል» እና «መስማማት» በመዝገበ ቃላት ጎረቤታሞች ናቸው። በውል ውስጥ ግን አንዱ መብት ነው፤ ሌላው ግዴታ። በሁለቱ መካከል የአንድ አገር ነፃነት ይገባል ብሎ ማን ይገምታል?

ሁለተኛው ምሳሌያችን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። ይህ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። 3,367 ቁጥሮች አሉት። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ሲሆኑ ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ዛሬ በየገበያው የሚጻፈው ውል ሁሉ መሠረቱ ይህ ሕግ ነው። አሁን ቃላቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

ሀ. ጨረታ

በአማርኛ «ጨረታ» አንድ ቃል ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ዕቃ ሲገዛ ወይም ሕንፃ ሲያሠራ የሚያወጣው ማስታወቂያ ጨረታ ይባላል። አሮጌ መኪና ወይም ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥም ጨረታ ይባላል። በመጀመሪያው የተፈለገውን ጥራት አሟልቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ በሁለተኛው ከፍተኛ ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል። ሁለቱ እኮ ተቃራኒ ናቸው! በተለይ ፍርድ ቤት ወይም ባንክ በይፋ የሚያሸጠውን «ሐራጅ» ብለን የምንለየው ቢሆንም በተለመደው ንግግር ሁሉም «ጨረታ» ነው።

ጀርመኖች ሁለቱን በሁለት ቃል ይለያሉ። ለግዢው «አውስሽራይቡንግ» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ጽፎ ማውጣት» እንደማለት ነው። ለሽያጩ «ፌርሽታይገሩንግ» ይላሉ፤ ወደ ላይ መውጣት፣ ዋጋ መጨመር የሚል ሐሳብ አለበት። እንግሊዞችም የመጀመሪያውን «ቴንደር»፣ ሁለተኛውን «ኦክሽን» ይላሉ። ስለዚህ «ጨረታ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «መሥሪያ ቤቱ ገዢ ነው ወይስ ሻጭ?» ብሎ ነው።

ሌላም አለ። ጀርመኖች ለአሸናፊው የሚሰጠውን ውሳኔ «ጹሽላግ» ይላሉ። መምታት ከሚል ግሥ የመጣ ነው፤ በሐራጅ ላይ መዶሻው ጠረጴዛውን ሲመታ ሽያጩ ይጸናልና። ይኸው ቃል በሌላ ቦታ «ተጨማሪ ክፍያ» ማለት ይሆናል። መዝገበ ቃላት ብቻ የያዘ ሰው «ጹሽላጉ ለእገሌ ተሰጠ» የሚለውን «ለእገሌ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጠ» ብሎ ቢተረጉም ምን ይባላል? ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ ሥራውን ግን ገልብጦታል። በአገራችን የመንግሥት ግዢ ደግሞ አሸናፊው ከተገለጸ በኋላ የውል ማስከበሪያ ማስያዝና ውል መፈራረም ይቀራል። ስለዚህ «አሸነፍኩ» ማለት «ተዋዋልኩ» ማለት አለመሆኑን ማስረዳት ይገባል።

ለ. ቀብድ፣ ቅድሚያ ክፍያና ማስከበሪያ

እነዚህ ሦስቱ ሁሉም «ቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ» ስለሆኑ ይምታታሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው።

ቀብድ የቆየ ቃላችን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ደንግጎለታል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ካፈረሰ ግን ዕጥፉን ይመልሳል። ለምሳሌ አንድ ሰው በሬ ሊገዛ 5,000 ብር ቀብድ ቢሰጥና እሱው ቢተወው 5,000 ብሩ ቀረ። ሻጩ ሐሳቡን ቢለውጥ ግን 10,000 ብር መክፈል አለበት።

በጀርመንስ? በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ «ድራውፍጋቤ» የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለ። የውሉ ምልክት መሆኑ ከኛ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን የዚያ ሕግ ቁጥር 336 አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ድራውፍጋቤ ከውል መውጫ ዋጋ ተደርጎ አይቆጠርም ይላል። ማለትም «ገንዘቡን ትቼልሃለሁ፣ ውሉን ትቻለሁ» ማለት አይቻልም። መልካቸው አንድ፣ ውጤታቸው ልዩ ልዩ መሆኑን ልብ በሉ። እንግሊዝኛውን «ዲፖዚት» ብለን ብንጽፍ ደግሞ የቤት ኪራይ መያዣም፣ የባንክ ተቀማጭም፣ ቀብድም ሊሆን ነው።

ቅድሚያ ክፍያ ሌላ ነው። ይህ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ የሚታሰብ፣ ሥራው እንዲጀመር አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ስለ ዕጥፍ መመለስ የሚናገረው ሕግ የተጻፈው ለቀብድ ነው። እንግዲያስ በውል ላይ «ቀብድ» የሚለውን «ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ መለወጥ ወይም በግልባጩ ማድረግ የሰውን መብት መለወጥ ነው።

የጨረታ ማስከበሪያ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ተጫራቹ በጥሬ ገንዘብ፣ በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ (ሲ.ፒ.ኦ. የሚባለው ነው) ወይም በባንክ ዋስትና ያስይዛል። ተሸናፊ ከሆነ ይመለስለታል። ዋጋ ካቀረበ በኋላ ጨረታው ጸንቶ በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ ከሸሸ፣ ወይም አሸንፎ ውል አልፈርምም ካለ ይወረስበታል። አሸናፊው ውል ሲፈርም ደግሞ የውል ማስከበሪያ ያስይዛል፤ ይህ የሚቆየው ግዴታውን እስኪፈጽም ድረስ ነው። ጀርመኖች የመጀመሪያውን «ቢቱንግስጋራንቲ»፣ እንግሊዞች «ቢድ ሰኩሪቲ» ወይም «ቢድ ቦንድ» ይሉታል። እኛ «ማስከበሪያ» ስንለው በእውነቱ ከሁለቱም የተሻለ ብለናል፤ ገንዘቡ የተያዘበትን ምክንያት ቃሉ ራሱ ይናገራልና።

ሐ. ዋስ፣ ዋስትናና የባንክ ጋራንቲ

«ዋስ ጥራ» የማይባልበት አገር የለንም። ነገር ግን ዋስ ሁሉ አንድ አይደለም። በሕጋችን ነጠላ ዋስ የሆነ ሰው ባለገንዘቡ ሲመጣበት «መጀመሪያ ከባለዕዳው ንብረት ላይ ፈልግ» ለማለት ይችላል። ከባለዕዳው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ ብሎ የፈረመ ዋስ ግን ይህን ማለት አይችልም፤ ባለገንዘቡ ቀጥታ ወደ እሱ ሊመጣ ይችላል። «በአንድነትና በነጠላ» የሚሉት ሁለት ቃላት የቤት ያህል ይከብዳሉ ማለት ነው! እንዲሁም በቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚዋስ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም።

በጀርመንኛ ዋስትና «ቢዩርግሻፍት» ይባላል። እዚያም ዋሱ «መጀመሪያ ባለዕዳውን ክሰስ» የማለት መብት አለው፤ ነጋዴ ለንግዱ የገባው ዋስትና ከሆነ ግን ይህ መብት የለውም። ከዚህ የተለየ «ጋራንቲ» የሚሉት አለ። ቢዩርግሻፍት ከዋናው ዕዳ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዕዳው ከወደቀ እሱም ይወድቃል። ጋራንቲ ግን በራሱ የቆመ ግዴታ ነው። ባንኩ «ክፈል» ሲባል ስለ ዋናው ክርክር ሳይጠይቅ ይከፍላል። በኛ የጨረታ ማስታወቂያዎች ላይ «በሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ የባንክ ዋስትና» የሚባለው ወደዚህኛው የሚጠጋ ነው።

ታዲያ ሁለቱንም የጀርመንኛ ቃላት በእንግሊዝኛ «ጋራንቲ» ብለን፣ ከዚያም በአማርኛ ሁለቱንም «ዋስትና» ብለን ብንተረጉም፣ ከወንዙ ማዶ ሁለት ሆነው የተነሡት ወንድማማቾች እኛ ዘንድ አንድ ሆነው ይደርሳሉ ማለት ነው። አንደኛው ወንድም በመንገድ ሰጥሟል። መፍትሔው ረዘም አድርጎ መጻፍ ነው፦ «በመጀመሪያ ጥያቄ፣ ያለ ምንም ክርክር የሚከፈል የባንክ ዋስትና» ማለት። ትርጉም አጭር መሆን አለበት ያለ ማነው?

መ. ገደብ

ውል የሚያረቅቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ብር ይህን ያህል ገደብ ይከፍላል» ብለው ይጽፋሉ። በተለመደው አማርኛ ገደብ ማለት ወሰን፣ ከዚህ አትለፍ ማለት ነው። ስለዚህ ገበሬው «ገደብ 10,000 ብር» ሲባል ሲሰማ «ከዚህ በላይ አልጠየቅም» ብሎ ሊረዳው ይችላል። የሕጉ ሐሳብ ግን ውል ላፈረሰ ሰው አስቀድሞ የተቆረጠ መቀጮ ነው። በቁጥር 1892 መሠረት ሌላው ወገን ጉዳት ባይደርስበት እንኳ መቀጮው ይከፈላል። በቁጥር 1893 መሠረትም ውሉ በከፊል ካልተፈጸመ በቀር ዳኛ ሊቀንሰው አይችልም። ከባድ ነገር ነው።

ጀርመኖች ይህን «ፌርትራግስሽትራፌ» ይሉታል፤ «የውል ቅጣት» ማለት ነው። እዚያ አገር ቅጣቱ ከመጠን በላይ ከሆነ ባለዕዳው ሲጠይቅ ፍርድ ቤት ሊቀንስለት ይችላል፤ ነጋዴ ለንግዱ የገባው ከሆነ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። «ፔናልቲ» ማለትም ቅጣት ሆኖ የተገኘ የውል ቃል በፍርድ ቤት ተፈጻሚ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1914 በተሰጠ የታወቀ ፍርድ በቅን ልቡና የተገመተ ካሣ ከማስፈራሪያ ቅጣት ተለየ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለኪያውን አሻሽሎ፣ ገንዘቡ ተዋዋዩ ካለው ተገቢ ጥቅም ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን መሆን አለመሆኑ እንዲታይ አደረገ።

እንግዲህ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ፌርትራግስሽትራፌን በቀጥታ «ፔናልቲ» ቢለው፣ በእንግሊዝ ሕግ ለሚያነብ ሰው «ይህ አይጸናም» የሚል ጥርጣሬ አብሮ ላከ ማለት ነው። «ሊኩዊዴትድ ዳሜጅስ» ማለትም አስቀድሞ የተቆረጠ ካሣ ቢለው ደግሞ የቅጣትነቱን ጠባይ ደበቀ። ስለዚህ ጠንቃቃ ተርጓሚ ውሉ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኝ አይቶ ነው ቃሉን የሚመርጠው። እኛም ለገበሬው ስናነብ «ገደብ» ብለን ማለፍ የለብንም፤ «ውሉን ካፈረስህ፣ ሌላው ሰው ባይጎዳም እንኳ፣ 10,000 ብር ትከፍላለህ ማለት ነው» ማለት አለብን።

ሠ. ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል

ፈረንሳዮች «ፎርስ ማዦር» ያሉትን ጀርመኖች «ሆሄሬ ጌቫልት» ማለትም «የላቀ ኃይል» አሉት። የኛ ሕግ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» ብሎ ተረጎመው፤ ግሩም ትርጉም ነው። እንግሊዞች ግን ፈረንሳይኛውን እንዳለ ወሰዱት። «አክት ኦፍ ጎድ» የሚል የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ ነገር ግን እሱ የሚይዘው ጎርፍ፣ መብረቅ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የመሳሰሉትን የተፈጥሮ ነገሮች ነው። ጦርነትን ወይም የመንግሥት ክልከላን አይጨምርም። ስለዚህ እኛም ወደ ቀበሌ ወርደን «የእግዜር ሥራ» ብለን ብናስረዳ ግማሹን ብቻ አስረዳን ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የማይጨመረው ነው። በቁጥር 1794 መሠረት በውሉ ሌላ ነገር ካልተጻፈ በቀር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መወደድ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይባልም። «ሲሚንቶ ተወደደብኝ» ያለ ሠሪ በዚህ ምክንያት ብቻ ከግዴታው አይወጣም። በንግግራችን ግን «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» የምንለው ለዚሁ እኮ ነው! የንግግሩ አማርኛና የሕጉ አማርኛ ተመሳስለው ሰውን የሚያታልሉት እዚህ ላይ ነው።

መልካቸው የሚያታልል ቃላትና ቁጥሮች

በጀርመንኛ «ፕሮቪዚዮን» ማለት ኮሚሽን፣ የድለላ ዋጋ ነው። በእንግሊዝኛ «ፕሮቪዥን» ሲባል በውል ውስጥ አንቀጽ ወይም ድንጋጌ ማለት ነው። ደላላው 3 በመቶ ፕሮቪዚዮን አለው የሚለውን «3 በመቶ አንቀጽ አለው» ብሎ መተርጎም ያስቃል፤ ገንዘቡን ያጣው ደላላ ግን አይስቅም።

ቁጥሮችም ይተረጎማሉ። ጀርመኖች ሺውን በነጥብ፣ ክፍልፋዩን በነጠላ ሰረዝ ይለያሉ። እነሱ 1.500,00 ብለው የሚጽፉትን እኛና እንግሊዞች 1,500.00 ብለን እንጽፈዋለን። እነሱ 1.500 ሲሉ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው፤ እኛ ስናየው አንድ ተኩል ይመስለናል። እንዲሁም «ቢሊዮን» በጀርመንኛ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው፤ እኛ ቢሊዮን የምንለውን እነሱ «ሚልያርዴ» ይሉታል። ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው።

ቀንና ሰዓትም እንደዚሁ። አንድ ጨረታ «መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4:00 ሰዓት ይዘጋል» ከተባለ ለውጭ አገር ሰው የሚነገረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ከጠዋቱ 10:00 ሰዓት ተብሎ ነው። ዓመቱን ለውጦ ሰዓቱን የረሳ ተርጓሚ እንግዳውን ስድስት ሰዓት አስቀድሞ፣ በሌሊት ጠራው ማለት ነው። በግልባጩ የእንግዳውን 10:00 ሰዓት ያልለወጠ ደግሞ ያገሩን ሰው ጨረታው ከተዘጋ በኋላ በአሥር ሰዓት ያደርሰዋል። የዘገየ ፖስታ ደግሞ ዋጋው ምንም ቢሆን አይከፈትም።

አምስቱ ጥያቄዎች

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ በቡድን ሆነን የምንለማመደው ዘዴ ቀላል ነው። ማንኛውንም የውል ዓረፍተ ነገር ከመተርጎማችን በፊት አምስት ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ማን? ለማን? ምን? መቼ? ባይሆንስ?

ለልምምድ ያህል ራሳችን ያዘጋጀነውን ምሳሌ እንመልከት። «ሥራ ተቋራጩ ርክክቡን ካዘገየ ለእያንዳንዱ ሳምንት ከውሉ ዋጋ 0.5 በመቶ፣ በጠቅላላው ከ5 በመቶ ሳይበልጥ ይከፍላል» ይላል እንበል። የውሉ ዋጋ 400,000 ብር ነው። ማን? ሥራ ተቋራጩ። ለማን? ለአሠሪው። ምን? በሳምንት 2,000 ብር። መቼ? ከርክክቡ ቀን ጀምሮ፣ እስከ አሥረኛው ሳምንት። ባይሆንስ? ከ20,000 ብር በላይ በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። ጀርመናዊው ይህን 0,5 ብሎ ይጽፈዋል። ሰረዟን ሳያይ 5 በመቶ ብሎ ያነበበ ሰው የሳምንቱን መቀጮ 20,000 ብር ያደርሰዋል። አንዲት ሰረዝ 18,000 ብር ስትበላ ታያላችሁ?

ሁለተኛው ዘዴ መልሶ መተርጎም ነው። አንዱ ዕጩ መምህር ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ጓደኛው ወደ አማርኛ ይመልሳል። ከዚያ ሁለቱ አማርኛዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ግዴታው የተለወጠበት ቦታ ወዲያው ይታያል። ይህ ዘዴ ለእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጥሩ መልመጃ ስለሚሆን መምህራኖቻችን ቢጠቀሙበት መልካም ነው እንላለን።

አማርኛ ድሃ ነውን?

አንዳንዶች «አማርኛ ለንግድና ለሕግ ቃላት ድሃ ነው» ይላሉ። እኛ ግን አንስማማም። ለምሳሌ «ወለድ አገድ» የሚለውን እንመልከት። ባለዕዳው መሬቱን ለአበዳሪው ይሰጣል፤ አበዳሪው ዕዳው እስኪከፈል ድረስ በወለድ ፈንታ በፍሬው ይጠቀማል። ፈረንሳይኛው ረቂቅ ለዚህ ከግሪክኛ የመጣ ከባድ ቃል ነበረው። ተርጓሚዎቹ ግን ሩቅ አልሄዱም፤ ሰው በየአገሩ የሚያውቀውን «ወለድ አገድ» አስገቡት። ዛሬ እንግሊዛዊ ይህን በአንድ የተለመደ ቃል ተርጉም ቢባል ይቸገራል። ቀብድ፣ ዋስ፣ ውል ሁሉም እንዲህ ከሕዝብ አፍ ወደ ሕግ የገቡ ናቸው። «ውል» እንኳ የክር ጫፍ ማለት ነው፤ «ውሉ የጠፋበት ልቃቂት» እንደሚባለው። ጫፉን የያዘ ይፈታዋል፤ ያልያዘ ሲጎትት ያወሳስበዋል።

ስለዚህ የሚጎድለን ቃል አይደለም። የሚጎድለን ቃሉን ከግዴታው ጋር አያይዞ የማስረዳት ልማድ ነው።

የመምህሩ ድርሻ

ሕጉ በቁጥር 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። መምህር ይህን ቢነግራቸው ብቻ ትልቅ ሥራ ሠራ። መምህር ጠበቃ አይደለም፤ ውል አርቃቂም አይደለም። ለሚከብደው ነገር ወደ ሕግ አዋቂ መምራት አለበት። ነገር ግን «ይህ ምን ይላል?» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ የሰውየውን በሬ፣ ቤት ወይም የእርሻ መሬት ሊያስቀር ወይም ሊያስወስድ ይችላል። ጣቱ የእሱ ነው፤ ትርጉሙ ግን የእኛ ነው።

ስለዚህ ለዕጩ መምህራንና ለመምህራን የምናቀርበው ሐሳብ አለ። በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የውልና የጨረታ ቃላት ማውጫ እንጀምር። በየሳምንቱ አንድ ቃል ይለጠፍ፤ ከሥሩም አምስቱ ጥያቄዎች ይመለሱ። በአካባቢያችሁ የምትሰሙትን የውል አባባል ጽፋችሁ አምጡ፤ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያልገባችሁን ቃል ገልብጡ። «የእኩል» የሚባለው የእርሻ ስምምነት በእናንተ ቀበሌ ዘሩን ማን እንዲያወጣ ያስገድዳል? በሬውንስ? መልሱ ከቀበሌ ቀበሌ ሊለያይ ስለሚችል የሚቀጥለው ቃላችን ይኸው እንዲሆን መርጠናል። መልሳችሁን እንጠብቃለን።